እንጅባራ፣ ሜዳው አጠገብ ያለችው ቤት፦ ድንቿ፣ ጠላዋና የፈረስ ሜዳ ወሬዋ

ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ ስለ አንዲት ቤት ልንገራችሁ። ሆቴል አይደለችም። በሯ ላይ ስም አልተጻፈም። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ ጭቃ ነው። ከደጇ ረጅም አግዳሚ እንጨት አለ፣ ፈረስ የሚታሰርበት። ሰው ሁሉ «እትዬ ቤት» ነው የሚላት። እኔ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱን ለበዓሉ፣ አንዱን ደግሞ በአዘቦት ቀን፣ ግርግር በሌለበት ቤቷ ምን እንደምትመስል ለማየት ብዬ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ምግብ ብቻ ፍለጋ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ቤት እዚያው ከተማ ውስጥ ታገኛላችሁ። እትዬ ቤት የሚኬደው ለወሬው ነው። የፈረስ ወሬ፣ በተለይ ደግሞ የሜዳ ወሬ። የትኛው ሜዳ ለጉግስ (በፈረስ እየተሳደዱ ዘንግ ለሚወራወሩበት ጨዋታ) ይመቻል፣ የትኛው ፈረስ ይሰብራል፣ የቱ ድሮ ነበር አሁን ግን የለም፣ የቱ ላይ ማን ማንን አሳድዶ ደረሰበት። ከጠዋት እስከ ማታ ይኸው ነው። የፈረስ ኮቴ ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ወደ ደጅ የሚወጣ ሰው ከሆናችሁ፣ እንደኔ ማለት ነው፣ እዚህ ቤት ገብታችሁ ቶሎ አትወጡም።

መንገዱን ለማታውቁ፣ እንጅባራ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት። 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሽማግሌዎቹ አሁንም ኮሶበር ነው የሚሏት። ከዳንግላ ተነስታችሁ አዲስ ቅዳምን ስታልፉ አየሩ ይለወጣል፣ ደጋ ነው። ጥር ላይ ጠዋት ሣሩ ውርጭ መትቶት ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጋቢ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ በሸሚዝ ነበርኩ፣ እትዬ ናቸው አይተውኝ ከጓዳ ጋቢ አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣል ያደረጉልኝ። ስሜን እንኳን ገና አልጠየቁኝም ነበር።

በዓሉን በስም ብቻ ለምታውቁት ትንሽ ልበል። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ሰባቱ ቤት የሚባሉት አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ዚገም፣ ቋቁራ፣ ጫራና መተከል ናቸው። ማኅበሩ የአድዋን ድል፣ በዚያ ዘመቻ ከሰው እኩል የደከመውን ፈረስም ለማሰብ የቆመ ነው። ከጎጃም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት አድዋ የዘመተው ጦር ምን ያህል መንገድ እንደሄደ ካርታ ላይ አንዴ ተመልከቱት። ያን ሁሉ አገር ሰው በእግሩ፣ ጓዙ በአጋሰስ፣ ፈረሰኛው በፈረሱ ነው የወጣው። ቀኑም በከንቱ አልተመረጠም። ውጊያው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ነበር፣ ይህም በዓል በጊዮርጊስ ቀን ይውላል። ማኅበሩ ደግሞ ለአንድ ቀን ትርኢት ብቻ የተቋቋመ አይደለም። የተጣላ ያስታርቃል፣ አባል ሲሞት ፈረሰኛው ተሰብስቦ ይቀብራል።

ይህን ሁሉ መጻፌ ለቤቷ ስለሚያስፈልግ ነው። እትዬ ቤት ግድግዳ ላይ ምንም ጌጥ የለም። የተሰቀለው ልጓም ነው፣ መርገፍ ነው፣ አንድ ያረጀ ጋሻ ነው። እያንዳንዱ ባለቤት አለው፣ አንዳንዱም የሞተ ሰው ነው። ስለ አንዱ ብትጠይቁ እትዬ ቡናውን ትተው ይነግሯችኋል።

የጥንት ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ እንደነበር ታውቃላችሁ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። እዚህ ቤት የሚቀመጡ ሽማግሌዎችም እርስ በርሳቸው እንዲሁ ነው የሚጠራሩት። የፈረሱ ስም ሲጠራ ሰውየው ከተቀመጠበት ቀና ይላል። የአንዳንዶቹን የክርስትና ስም እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ወደ ምግቡ።

ድንቹን እዘዙ። ሌላ ሌላውን ኋላ ታስቡበታላችሁ። ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ እየጨሰ፣ በቀርከሃ በተሠራ ትሪ ላይ ይመጣል፣ ከጎኑ ዳጣና ጨው። ስትነኩት ልጣጩ ራሱ ይከፈታል፣ ውስጡ ዱቄት ነው። እሳት ዳር ተቀምጦ ያንን ድንች በዳጣ መብላት፣ ውጭው ውርጭ ሆኖ፣ እኔ ከዚህ የሚበልጥ ቁርስ አላውቅም። የአገሬው ድንች ስሙ የታወቀ ነው፣ ግን ብዙ ቤት ቀድሞ ቀቅሎ ያስቀምጠውና ቀዝቃዛ ያቀርብላችኋል። እትዬ ሰው ሲመጣ ነው የሚጥዱት። ትጠብቃላችሁ፣ ግን ቢጠብቁት አይቆጭም።

ሽሮው ደህና ነው። እንጀራው ጤፍና ገብስ የተቀላቀለበት ስለሆነ ወፈር ይላል፣ የለመደው ይወደዋል። ለበዓሉ ሥጋ አለ፣ በሌላ ቀን አትጠብቁ። ጠጁ ለእኔ ጣፈጠብኝ፣ ጌሾው ያንሳል። አብሮኝ የሄደ ጓደኛዬ ግን ወዶታል፣ ስለዚህ የኔን ብቻ አትስሙ። ጠላው ግን ሌላ ነው። የገብስ ጠላ ነው፣ ጠቆር ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ በሽክና የሚቀዳ። አንድ ሽክና ይበቃል ብላችሁ ትጀምሩና ወሬው ሲሞቅ ሦስተኛው ላይ ትሆናላችሁ።

ወንበሩም በርጩማውም ቀርከሃ ነው። የእንጅባራ ቀርከሃ ነውና አያስገርምም። ዝቅ ያለ ነው፣ ሲቀመጡበት ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ግን ይመቻል። አንድ ጥግ ላይ ኮርቻ ይደረደራል። ፈረሰኛው ፈረሱን ውጭ ያስራል እንጂ ኮርቻውን ውጭ አይተውም። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ የቆዳ፣ የፈረስ ላብና የቡና ሽታ አንድ ላይ ነው ያለው። ይህን ሽታ የማይወድ ሰው ሌላ ቤት ይሂድ። እኔ ግን ከበሩ ስገባ ያ ሽታ ነው መጀመሪያ ደስ የሚለኝ።

መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት አጠገቤ የተቀመጡት አንድ አባት የኮርቻቸው የሆድ ጠፍር ተበጥሶባቸው እየሰፉ ነበር። ጉልበታቸው ላይ ቆዳውን አጥፈው፣ በወስፌ እየበሱ፣ ክሩን በሞራ እያሹ። እያንዳንዱን ስፌት ሲያጠብቁ በጥርሳቸው ይስባሉ። ነገ ጉግስ ላይ ያ ጠፍር ቢበጠስ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፣ ስለዚህ አይቸኩሉም። እኔም ዝም ብዬ ሳያቸው ቆየሁና ከዳንግላ በኩል እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ወዲያው ቀና አሉ።

«ዳንግላ? ሜዳችሁ ጥሩ ነበር። አሁንስ አለ?»

ወሬው የተጀመረው በዚህ ነው። እኔም የምጽፈው ይኼንን ለመናገር ነው። ስለ ፈረስ የሚያወራ ሰው ብዙ ነው። ስለ ጋላቢ የሚያወራም ብዙ ነው። ስለ መሬቱ የሚያወራ ግን የትም አይገኝም፣ እዚህ ቤት ካልሆነ። እነዚህ ሰዎች የሚያስታውሱት ማን አሸነፈ የሚለውን ብቻ አይደለም። መሬቱ እንዴት እንደነበር ነው የሚያስታውሱት። የዛሬ አርባ ዓመት የሮጡበት ሜዳ ላይ ድንጋዩ የት ጋ እንዳለ፣ የት ጋ ውሃ እንደሚያቁር፣ ፈረሱ የት ሲደርስ እንደሚያመነታ በእጃቸው እየሳሉ ያሳዩአችኋል።

«አባባ፣ ጥሩ ሜዳ እንዴት ነው የሚታወቅ?» አልኳቸው።

«ሜዳ በዓይን አይታይም ልጄ። በፈረሱ ጆሮ ነው የሚታይ።»

ኋላ ሲያብራሩልኝ ገባኝ። ፈረስ መሬቱን ሲያምነው ጆሮው ወደ ፊት ይቆማል። ሲጠራጠር አንዱ ጆሮ ወደ ፊት አንዱ ወደ ጎን ይሆናል። ጥሩ ጋላቢ ያንን አይቶ ዛቡን ያላላል ወይም ይሰበስባል። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ ስቆም ጋላቢውን ሳይሆን የፈረሱን ጆሮ ነው የማየው። እውነታቸውን ነው።

ስለ አፈሩ የሚባለውን ልዘርዝር። ዋልካ (ጥቁሩ የሚጣበቅ አፈር) ላይ ባይሮጥ ይሻላል። በክረምት ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ጥር ላይ ስንጥቁ እግር የሚውጥ ይሆናል፣ ፈረስ እዚያ ውስጥ ከገባ አለቀ። ቀይ አፈር ይሻላል፣ ግን ለብቻው ሲሆን ከቀትር በኋላ አቧራው የኋለኛውን ፈረሰኛ ያሳውረዋል። ሁሉም የሚስማሙበት ሰርዶ የያዘው ቀይ አፈር ነው። ሰርዶው ሥሩን ሰድዶ አፈሩን ሰብስቦ ይይዘዋል፣ ኮቴ ሲያርፍበት ትንሽ ይሰጣል፣ ከዚያ ይገፋል። አንዱ ሽማግሌ ይህን ሲያስረዱ መዳፋቸውን የኔ መዳፍ ላይ አድርገው ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ አደረጉብኝ። አሁንም ሰርዶ ባየሁ ቁጥር ያ እጅ ነው የሚሰማኝ።

ሁለተኛው ነገር ጫፉ ነው። ጥሩ ሜዳ መጨረሻው ላይ ትንሽ ዳገት ሊኖረው ይገባል። ያኔ ፈረሱ ልጓም ሳይጎተትበት ራሱ ፍጥነቱን ያበርዳል። ጫፉ ገደል ወይም አጥር የሆነ ሜዳ ላይ ጋላቢው ገና መሐል ላይ እያለ ስለ ማቆም ማሰብ ይጀምራል፣ እና እንዲህ የሚያስብ ሰው ጉግስ አይሆንለትም። ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ሜዳ ይመረጣል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከሰዓት በኋላ አንደኛው ወገን ፀሐይ እያየ ነው የሚጋልበው፣ የሚወረወርበትን ዘንግ አያየውም።

ሕዝቡን ደግሞ አትርሱ። ጉግስ ሲሞቅ ሰው ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ሜዳው ይጠባል። ከሰከላ የመጡ አንድ ሰውዬ አንዱን ሜዳ አጥብቀው የሚወዱት ለዚህ ነው። አንድ ጎኑ ተዳፋት ስለሆነ ሰው ሁሉ እላይ ተቀምጦ እንደ ደረጃ ቁልቁል ያያል፣ ማንም ወደ መሐል አይገባም። ከቡሬ የመጡት ሰውዬ ደግሞ በዚህ አይስማሙም። ተዳፋት ያለበት ሜዳ ክረምት ላይ ይሸረሸራል፣ በየዓመቱ መሬቱ ሌላ ነው ይላሉ። እሳቸው የሚወዱት ለጥ ያለውን ነው፣ ዓይን እስከሚደርስ። የጥሊሊው ጎልማሳ በመሐል ገብቶ የእንጅባራን ያህል የለም ሲል ሁለቱም «አንተ ገና ልጅ ነህ» አሉት። ልጁ አርባ ያልፈዋል።

ይህ ክርክር አንድ ማታ ሙሉ ሄዷል። እትዬ ሁለት ጊዜ እሳቱን ጨመሩ። ማንም አልተቆጣም።

እኔም ተራዬ ሲደርስ የራሴን ተናገርኩ። የኔ ሜዳ ዳንግላ ዳር፣ ለጥምቀት ታቦት የሚወርድበት ነበር። አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎኝ ነው የወሰደኝ፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሰው ሁሉ ፈረሰኞቹ የሚነሱበት ጫፍ ላይ ሲሰበሰብ አባቴ ወደ ማዶ፣ ወደሚያቆሙበት ጫፍ ወሰደኝ። «እዚህ ነው ፈረስ የሚታይ» አለኝ። ከዚያ አወረደኝ። መጀመሪያ የመጣው ድምፁ አልነበረም። መሬቱ ነው በባዶ እግሬ በኩል የነገረኝ። ከዚያ ድምፁ፣ ከዚያ አቧራው፣ ከዚያ ፈረሶቹ። ከሁሉ ፊት አንድ ጥቁር ጉራቻ ነበር፣ ግንባሩ ላይ ትንሽ ነጭ ያለው። ጋላቢው ጎፈሩ ከራሱ ላይ ወደቀበት። ሰው «ኧረ!» አለ። ሰውየው ግን ፈረሱን አላቆመም፣ ጫፉ ላይ አዙሮ ተመለሰና በግልቢያ ላይ እያለ ከኮርቻው ተንጠልጥሎ፣ አንድ እግሩ እርካብ ውስጥ ብቻ ቀርቶ፣ ጎፈሩን ከመሬት አነሳው። በአጠገቤ ነው ያለፈው። የፈረሱ ትንፋሽ ፊቴን ነካኝ፣ ሙቅ ነበር፣ ሣር ሣር የሚል። አባቴ አሁን በሕይወት የለም። የዚያን ሰው ስምም አልጠየቅኩትም።

ያ ሜዳ አሁን ግማሹ ቤት ተሠርቶበታል። በቀረው ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። የሚያቆሙበት ጫፍ፣ እኔ የቆምኩበት፣ አሁን የሰው ግቢ ነው።

ይህንን ስናገር ቤቱ ጸጥ አለ። ጠፍር ይሰፉ የነበሩት አባት ናቸው የጀመሩት። ሜዳ እየጠፋ ያለው በቤት ብቻ አይደለም አሉ። ፋግታ ለኮማ ሂድና እይ፣ አዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ ድሮ ግጦሽ የነበረው ሁሉ አሁን ዲከረንስ ነው። ለከሰል የሚተከለው ዛፍ ማለታቸው ነው። ገበሬው ጥሩ ገንዘብ አግኝቶበታል፣ ልጆቹን አስተምሮበታል፣ እሳቸውም የተከሉት አላቸው። ማንንም አልወቀሱም። ግን ግጦሽ ሲጠፋ ፈረስ ይቀንሳል። አዊ ውስጥ ፈረስ ለበዓል ብቻ የሚቀመጥ እንስሳ አይደለም፣ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ጋሪ ይጎትታል። የሚያበላው ያጣ ሰው ግን መጀመሪያ የሚሸጠው የጉግሱን ፈረስ ነው፣ ያንን ለማረስ አይጠቀምበትምና። አሁን ዲከረንሱም በሽታ ገብቶበታል። «ዛፉ ቢጠፋ ሜዳው ይመለሳል ወይ?» አልኳቸው። «ሰርዶ ቶሎ አይመለስም» አሉኝ።

ሌላም የምነግራችሁ አለ፣ ትንሽ ከመንገዱ ወጣ ይላል። ባለፈው ስሄድ የእህቴን ልጅ ይዤው ነበር። ባሕር ዳር ሞተር ሳይክል ይጠግናል። ፈረስ ብዙም አይስበውም፣ እሱ የሚወደው ስፒድዌይ የሚባለውን የሞተር ውድድር ነው። ማታ መብራት መጣና ስልኩን አውጥቶ ለሽማግሌዎቹ አሳያቸው። አራት ሞተረኞች፣ አራት ዙር፣ ሁልጊዜ ወደ ግራ። መሮጫው አስፋልት አይደለም፣ አፈር ነው። ሞተሩ 500 ሲሲ ነው፣ በሜታኖል ይሠራል፣ ማርሹ አንድ ነው፣ ፍሬን የሚባል የለውም።

«ፍሬን የለውም? ታዲያ በምን ይቆማል?»

«ኩርባው ላይ የኋላ ጎማውን እያንሸራተቱ ነው የሚያበርዱት አባባ።»

ሁሉም ስልኩ ላይ ተደፉ። እንደገና አጫውተው አሉት። ሦስተኛ ጊዜ ሲያዩት አንዱ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው «ግራ እግሩን አያችሁ? መሬት እያስነካ ነው» አሉ። ልጁ ደስ አለው፣ እሱም መጀመሪያ ያስተዋለው ያንን ነበርና። የግራ ጫማቸው ሥር ብረት ይታሰራል፣ በእሱ እየተንሸራተቱ ነው የሚዞሩት ብሎ አስረዳቸው። ከዚያ ጥያቄው ሁሉ ስለ አፈሩ ሆነ። ምን ዓይነት አፈር ነው? ውሃ ያጠጡታል? በየዙሩ አይቆፈርም? ልጁ መለሰላቸው። ውሃ ያጠጡታል፣ በትራክተር ያስተካክሉታል፣ ሞተሮቹ አፈሩን ወደ ውጭ ስለሚወረውሩት ጎበዝ ነጂ እዚያ የተከመረውን አፈር ፈልጎ በውጭ በኩል ይቀድማል። «እንዴታ!» አሉ የቡሬው ሰውዬ። እሳቸውም በወጣትነታቸው ያልተረገጠውን ሣር ፈልገው በዳር ነበር የሚቀድሙት።

ከዚያ ልጁ የማንቸስተሩን ሜዳ ነገራቸው። ሃይድ ሮድ ይባላል፣ ቤል ቩ የሚባለው ቡድን ሜዳ ነበር። ሰፊና ፈጣን፣ ደጋፊው እስከ ዛሬ እንደሱ ያለ አልመጣም የሚለው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1987 የመጨረሻው ውድድር ተደርጎበት ተሸጠ፣ ፈረሰም። ቡድኑ ለብዙ ዓመት በውሻ መሮጫ ሜዳ ላይ ሲወዳደር ቆይቶ አዲስ ስታዲየም ያገኘው በ2016 ነው። የለንደኑ ዌምብሌም እንዲሁ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ በ1936 የተደረገው እዚያ ነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያስተናገደው ደግሞ በ1981። አሮጌው ዌምብሌ ራሱ አሁን የለም። ሃይድ ሮድን የሚያውቁ ሰዎች አርጅተዋል፣ ግን ኩርባው እንዴት እንደነበር፣ የት ቆመው ያዩ እንደነበር፣ ሽታው ምን እንደሚመስል አሁንም ያወራሉ።

«ቦታው አሁን ምን ሆነ?» አሉ ጠፍር የሰፉት አባት።

«የመኪና ጨረታ ይካሄድበታል።»

«ጨረታ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ለልጁ ጠላ ቀዱለት።

ያን ዕለት ልጁ ስለ ፈረስ የጠየቀውን ያህል በሕይወቱ ጠይቆ አያውቅም። በማግስቱ ከኔ ቀድሞ ተነስቶ ሜዳ ዳር ቆሞ አገኘሁት፣ በየትኛው ጫፍ ቢባል ፈረሱ በሚቆምበት።

አሁን ጉድለቷን ልንገራችሁ፣ ሳልደብቅ። የምታስተናግድ አንዲት ልጅ ብቻ ናት፣ የእትዬ የእህት ልጅ። ጥር 23 ዕለት አንድ ሽሮ ለመብላት ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቄአለሁ። ልጅቷ ትሮጣለች፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ ግን አንድ ሰው መጨመር አለባቸው። ሽንት ቤቱ ከጓሮ ነው፣ ማታ መንገዱ መብራት የለውም፣ ባትሪ ያዙ። ለበዓሉ ዋጋ ትንሽ ይጨምራል። ድንቹ ግን አይጨምርም፣ እትዬ «ድንች ላይ አልጨምርም» ብለዋል። ወንበሩ ለረጅም ሰው ዝቅ ይላል፣ ጉልበት የሚያመው ሰው መደቡን ይጠይቅ።

አልጋ የላቸውም። ግን ሁለተኛ ጊዜ የሄድኩ ጊዜ ከተማው ውስጥ አንድ ማረፊያ ቤት ከሁለት ሳምንት በፊት ቀብድ ከፍዬ የያዝኩትን ክፍል ለሌላ ሰው ሰጥቶብኝ በሌሊት ደጅ ቀረሁ። ቀብዴንም ለመመለስ ብዙ አጨቃጨቀኝ። እትዬ ናቸው መደቡ ላይ ቁርበት አንጥፈው፣ ያንኑ ጋቢ አልብሰው ያሳደሩኝ። ጠዋት ልክፈል ብል «አንተ እንግዳ ነህ እንጂ ተከራይ ነህ ወይ?» አሉኝ። ይህን የምጽፈው ሌላው ሰውም እዚያ እንዲያድር አይደለም፣ እባካችሁ እንዳታስቸግሯቸው። አልጋችሁን ቀድማችሁ ያዙ፣ ደግሞም ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ።

ለበዓሉ የምትሄዱ ከሆነ በ22 ከሰዓት በኋላ ግቡ። ፈረሰኞቹ ከየወረዳው የሚገቡት ያኔ ነው፣ ወሬው የሚሞቀውም ያን ማታ። በማግስቱ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ሜዳው ላይ ሁኑ። አፈሩ እርጥብ ስለሆነ አቧራ የለም፣ ፈረሶቹም ትኩስ ናቸው። መጀመሪያ የሚያልፉት በሶምሶማና በስግሪያ ነው፣ ግላሱና መርገፉ፣ የፈረሱ ጌጥ ሁሉ የሚታየው ያኔ ነው፣ ስለዚህ ፎቶ የምትፈልጉ አትዘግዩ። ጉግሱና ሽርጥ የሚባለው ግልቢያ ኋላ ይመጣል። ልጅ የያዘ ሰው ከሰው ኋላ ሳይሆን ከፍ ያለ ቦታ ይፈልግ፣ ዘንግ ስቶ ይወጣል። ጊዜ ካላችሁ በማግስቱ ዘንገና ሐይቅን እዩ፣ ቅርብ ነው፣ በዛፍ የተከበበ ነው፣ ጸጥ ያለ።

በአዘቦት ቀን ለምትሄዱ ደግሞ ቅዳሜን ምረጡ፣ ገበያ ስለሚወጡ ሽማግሌዎቹ ቤቷ ይገባሉ። ጠፍር የሰፉትን አባት ካገኛችኋቸው የዳንግላው ልጅ ሰላም ብሏል በሏቸው። ድንቹ ከስድስት ሰዓት በኋላ አይገኝም።